በሕያው ላይ የተነፋ ጡሩምባ

ጎረቤቱን ከሕያዋን መዝገብ ሊፍቅ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠፋው የራሱ ስም መሆኑን ይወቅ። ይህ በሁለት ሺህ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር፣ በደሴ ከተማ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ድንጋይ በር በሚባለው ሠፈር ከንጋት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ባለው ጊዜ ተፈጽሞ ታይቷል።

አስቻለው ወንድይራድ የድንጋይ በር እድር ጡሩምባ ጠባቂ ነበረ። ዕድሜው ስድሳ አንድ ሲሆን ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ ርቀው የሚኖሩ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቈልፍ ሰው ነበረ። በቀድሞው ዘመን ጡሩምባ ነፊ ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስም ይጠራ ነበር። በእርሱ ዘመን መዞር ቀርቶ በየቤቱ በር ላይ ጡሩምባ ተተክሏል። አስቻለው ሬሳውን በዐይኑ አይቶ ከመጣ በኋላ በእድሩ ቢሮ ባለው ሣጥን ውስጥ ቁልፉን ከትቶ አንድ ጊዜ ያዞራል፤ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት በሮች በአንድ ድምፅ ይነፋሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጡሩምባው ዋሽቶ አያውቅም።

በዚያ ዘመን ሰው ጧት ከቤቱ ለመውጣት በሩ የሚነግረውን ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው መስማት ነበረበት። በሩ የሳሙናውን፣ የጫማውንና የዕጩውን ነገር ነግሮ ሳይጨርስ አይከፈትም። ሕዝቡም ብልኀት አላጣም፤ በሩ ሲለፈልፍ ጥርሱን ይፍቃል፣ ልጁን ይቈጣል፣ ትናንት ያልጨረሰውን ጠብ ከሚስቱ ጋር ይጨርሳል። የምርጫ ሰሞን ሲሆን የበሩ ንግግር እስከ ሩብ ሰዓት ይረዝም ነበርና ትዳር በጣም ይጎዳ ነበር። የሚያዳምጥ ግን አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ይደመጥ ነበር፤ እርሱም የእድሩ ጡሩምባ ነው። የመጀመሪያው ንፋት እንደ ተሰማ በሮች ሁሉ ወለል ብለው ይከፈታሉ፤ ወደ ልቅሶ የሚሄድን ሰው የሳሙና ማስታወቂያ ማስጠበቅ ነውር ነው ተብሎ በከተማው ሕግ ተደንግጓልና። ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ይነፋል። በንፋቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ሰው ጫማውን እንዲያደርግ የተተወ ነው። ከዚያ ስም ይጠራል፤ የቤቱ ቍጥር ይከተላል። ከቤቱ ቍጥር በኋላ የሚነገረውን የሰማ ሰው በድንጋይ በር አልነበረም፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነጠላ ፍለጋ ላይ ነውና።

እድርም በዚያ ዘመን የቀብር ማኅበር ብቻ አልነበረም። የሐኪም ተራ የሚያዘው በእድር ነው፤ የውሃ መሥመር የሚቀጠለው በእድር ነው፤ ቤት የሚያከራይ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የእድር ወረቀት ነው። ከእድር የተሰረዘ ሰው ይተነፍሳል እንጂ አይኖርም ነበር።

በዚያ ዓመት ከንቲባነቱን ለማግኘት ከተወዳደሩት መካከል የንጹሕ ጎጆ ፓርቲ አንዱ ነበር። ውሃ እንደሚያመጣ ቃል እንዳይገባ ሌሎቹ ሁሉ ገብተዋል፤ መንገድ እንዳይል መንገዱ ከአምስት ምርጫ ወዲህ ቃል ተገብቶበታል። የሚሰጠው ባጣ ጊዜ የሚቀማውን ፈለገ። በየቤቱ የተተከለው ቈጣሪ የሚታጠበውን ስኒ፣ የሚሞቀውን ውሃ፣ የሚተኛበትን አልጋና የሚበራውን መብራት ይመዘግብ ነበርና ፓርቲው ያን መዝገብ አስመርምሮ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ናቸው ያላቸውን ሰባ ሦስት ሰዎች ስም አወጣ። ከድንጋይ በር የተገኘው ስም አንድ ነው፤ ቤቱ በስሙ የተመዘገበው ይትባረክ ዐምዴ። በማስረጃነት የተጻፈው ቃልም አጭር ነበር፤ «ሁለት ስኒ፣ አንድ አልጋ» ይላል።

ይትባረክ የእድሩን ድንኳኖች የሚሰፋና የሚጠብቅ የኀምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ሰዓት ከሚያድሰው ከአደም ሰይድ ጋር በቤት ቍጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። ሠፈሩ «ደባሎቹ» ይላቸዋል። ለሰርግ በአንድ ጥሪ ይጠራቸዋል፤ በፋሲካ ለአንዱ፣ በአረፋ ለሌላው እንኳን አደረሰህ ይላል፤ ከዚያ አልፎ ጓዳቸው አይገባም። ቈጣሪው በብዙ ድካም የደረሰበትን ነገር ሠፈሩ ከሃያ ዓመት በፊት ዐውቆ፣ ማወቁን እንደማያውቅ ሆኖ ይኖር ነበር። ይህ ጨዋነት ይሁን ፍርሀት ለመፍረድ ያስቸግራል፤ ጣሪያ ሆኖ ሁለት ሰዎችን ማስጠለሉ ግን እርግጥ ነው።

የፓርቲው ዘመቻ አስተባባሪ ቤዛዊት የምትባል ሴት ነበረች። ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ የተወለደች፣ ልቅሶ ደርሳ የማታውቅ ሴት ናት። አንድ ቀን አስቻለውን ቢሮው ድረስ መጥታ አነጋገረችው።

«ጋሽ አስቻለው፣ ሕዝቡ ማስታወቂያችንን አይሰማም።»

«የማንንም አይሰማም፤ አይክፋሽ።»

«ጡሩምባውን ግን ይሰማል።»

«ጡሩምባው የሙታን ነው፣ ልጄ። እኔም ሬሳ ሳላይ ቁልፍ አላዞርም፤ ደንብ ነው።»

«ደንብ ይሻሻላል። እኛ ስንመረጥ ከተማው የሥነ ምግባር ሹም ይኖረዋል። ለቦታው ሰው ስንፈልግ የእርስዎ ስም መጣ።»

«የእኔ ስም?»

«አዎ። በአንድ ድምፅ።»

ሠላሳ ዓመት የሌላውን ስም ሲጠራ የኖረ ሰው የራሱን ስም በሹመት ተጠርቶ መስማት አማረው። በጡሩምባው እንዲነገር የሰጠችውን ወረቀት አነበበ። የይትባረክን ስም ባየ ጊዜ እጁ ትንሽ ቆመ፤ ለሚስቱ ልቅሶ በዝናብ ድንኳን የተከለለት ይህ ሰው ነበርና። ነገር ግን ወዲያው «እኔ ባልፈጽመው ሌላ ይፈጽመዋል» አለ። ይህችን ቃል ለክፉ ሥራ መግቢያ ያላደረጋት ሰው ጥቂት ነው።

በተቀጠረው ዕለት ማለዳ አስቻለው አስቀድሞ ለአርኣያ እንዲሆን፣ ለእድሩ ድምፅ መስጫ በየበሩ ከተተከለው ቀይ ምልክት በገዛ በሩ ላይ ያለውን ነካ፤ ቀዩን መንካት ማለት «ይሰረዝ» ማለት ነው። ከአባላቱ የሚበዙት እስከ ቀትር ከነኩት የተጠራው ሰው ከእድር ይወጣል። ከዚያም ወደ ቢሮው ሄዶ ቁልፉን አዞረ።

ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ነፋ። «ይትባረክ ዐምዴ፣ የቤት ቍጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት» አለ። ቀጥሎም የተቀዳ የሴት ድምፅ «ይህ ሰው ከወንድ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ነው። ልጆቻችሁን ጠብቁ። እስከ ቀትር ቀዩን ምልክት ንኩ። ንጹሕ ጎጆ፣ ንጹሕ ከተማ!» አለ። ግን በሮቹ ተከፍተው ነበር፤ ሰዉም ወጥቶ ነበር። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ጡሩምባዎች ለባዶ ቤት ሰበኩ።

አስቻለው የሚሆነውን አይቶ ለቤዛዊት ሊነግራት በገባው ቃል መሠረት ከሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ቍጥር ደጃፍ ሄዶ ቆመ። ድንጋይ ሲወረወር ፈቀቅ ብሎ ሊመሰክር አስቦ ነበር። ቤቱ ክፍት ነው፤ ሰው የለበትም። ከአፍታ በኋላ በመንገዱ ራስ ላይ ሰዎች ታዩ። ክርስቲያኖቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ እስላሞቹ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ስበዋል። ሁሉም ያለቅሳሉ። ከሁሉ ፊት በምርኩዝ የሚመጡት የሰማንያ አንድ ዓመቷ የእድሩ ዳኛ እትዬ የሺመቤት ነበሩ።

«አስቻለው፣ ምን አገኘው?» አሉት። «ትናንት በእግሩ ሲሄድ አይቼዋለሁ።»



«ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» አለ ሌላው።

«እ... ገና ነው» አለ አስቻለው።

ይህን ጊዜ በጆሮው ውስጥ ካለው መነጋገሪያ የቤዛዊት ድምፅ መጣ።

«ጋሽ አስቻለው፣ ሕዝቡ ወጣ?»

«ወጥቷል።»

«ምን ያህል ይሆናል?»

«ሁሉም።»

«ጎበዝ! ተቈጥቷል?»

«ያለቅሳል።»

«በቍጣ ነው?»

«አይደለም። ንፍሮ ይዘው መጥተዋል።»

«ንፍሮ ምንድን ነው?» አለች።

ሊመልስላት ሳይችል ከመንገዱ ታች ጩኸት ተሰማ። አደም ሰይድ የንጋት ጸሎቱን አድርሶ ከመስጊድ ሲመለስ በግራና በቀኝ ያሉ በሮች ሁሉ የይትባረክን ስም ሲጠሩ ሰምቶ የቀረውን ሳያዳምጥ ሮጧል። ጫማው ከእግሩ ወልቋል። ወደ ቤቱ ገባ፤ አልጋው ባዶ ነው። ወጣ።

«የት ወሰዳችሁት?» አለ። «አስቻለው፣ የት ወሰዳችሁት? ሳላየው?»



ያን ጊዜ አደም በደጃፉ ላይ ወደቀ። «ወየው! እንግዲህ ለማን ነው የምነሣው? ማን ነው ቆይ፣ ሳትበላ አትሂድ የሚለኝ?» እያለ መሬቱን በእጁ መታ። ደባል ለደባል እንዲህ እንደማይጮኽ እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ከሴቶቹ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ብብቱን ደግፈው አነሡት፤ ሦስተኛዋ ነጠላዋን አውልቃ ወገቡን አጥብቃ አሰረችለት። ባሏ ለሞተባት ሴት የሚደረገው ይህ ነው። አድርጉ ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ እጃቸው ያውቃል። ከዚያ በየተራ የሟቹን ደግነት መናገር ጀመሩ። አንዷ በአራስነቷ ጣሪያዋ ሲያፈስ በድንኳን እራፊ የደፈነላትን አወሳች። ደምሌ የሚባለው ሥጋ ሻጭ በጎርፉ ዓመት እናቱን በጀርባው እንዳሻገረለት ተናግሮ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ሊያመጣ ወረደ። አስቻለውም በመካከላቸው ቆሞ ለመሄድም ለመቅረትም አልቻለም።

በዚሁ ሰዓት ይትባረክ ከቦርከና ወንዝ ዳር ባለው የእድሩ መጋዘን ውስጥ ነበር። የማን ቤት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ገና በመጀመሪያው ንፋት መነሣት ልማዱ ነው፤ ድንኳን ለሁሉም ያስፈልጋልና። ስሙ ሲጠራ እርሱ በጋሪው ቤቶቹን አልፎ ሄዷል። ድንኳን ሊወስዱ የመጡት ወንዶች በኋላ እንደ ተረኩት ነገሩ እንዲህ ነበር።

«ኑ እንጂ፣ ምሰሶውን ያዙ!» አላቸው ይትባረክ ከውስጥ። «ዛሬ የማን ቤት ነው?»

ደምሌ ከደጅ እንደ ቆመ ቀረ። «ይትባረክ?» አለ።

«አቤት።»

«ያንተ ነው።»

«የእኔ ምኔ?»

«ቤትህ ነው። ሞተሃል።»

«መቼ?»

«አሁን። ተነፍቶብሃል።»

ይትባረክ ለመሳቅ አፉን ከፈተ፤ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «በእኔ ቤት ከሆነ አደም ነው» አለ። ገመዱን ጥሎ ሮጠ። ሌሎቹም ድንኳኑን በጋሪ ጭነው ተከተሉት። በሮቹ መልእክታቸውን ሁለተኛ ጊዜ እየደገሙ ነበርና ወንዶቹ የልቅሶው ጩኸት በሌለበት መንገድ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙት።

ይትባረክ ወደ ግቢው ሲገባ ለቀስተኛው እንደ ስንዴ እርሻ ለሁለት ተከፈለ። አደም ቀና አለ። ሁለቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው ሞተ ብለው ሲያለቅሱለት የነበረውን ሰው ቆሞ አዩ። የተደረገውን መናገር አያስፈልግም፤ በአደባባይ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ሳይለያዩም ብዙ ቆዩ። ሠፈሩ ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቆ ያላየውን ነገር በዚያ ጧት በግድ አየው።

ያን ጊዜ ደምሌ ተጠጋ። «ታዲያ» አለ፣ «በሩ የሚለው እውነት ነው?» የሰማውንም ለሁሉ ነገራቸው።

ብዙዎች ነጠላቸውን መንካት ጀመሩ፤ ዘቅዝቀው ይቆዩ ወይስ ይመልሱት ግራ ገባቸው። በዚያች ቅጽበት ሁለቱ ሰዎች በእድሩ ይቀሩ ወይስ ይወጡ እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

«ደምሌ» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ «ስንት ዓመት ጎረቤቱ ነህ?»

«ሃያ ስድስት።»

«በሃያ ስድስት ዓመት ያልጠየቅኸውን ዛሬ አልቅሰህለት ስታበቃ ነው የምትጠይቀው? የእናትህን ነገር እኮ አሁን ነው የተናገርኸው! በጀርባው አሻገራት አላልህም?»

«ብያለሁ።»

«ጀርባው ሌላ ሆነብህ?»

ጥቂቶች ሳቁ። አደም ግን ወገቡ እንደ ታሰረ ወደ ፊት ወጣና «እኔ ልመልስለት» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት ቤቴ እርሱ ነው። ሌላ የምነግራችሁ የለኝም።»

እትዬ የሺመቤት ወደ ጋሪው ዞሩ። «ድንኳን ወጥቶ አይመለስም፤ ትከሉት። ሥራ አለን» አሉ። ይትባረክ በልማዱ ምሰሶ ሊያነሣ ሲል «አንተ ተቀመጥ፤ የሞተ ሰው ድንኳን አይተክልም» ብለው ከለከሉት።

ድንኳኑ በተተከለ ጊዜ አስቻለውን በመካከል አቆሙት።

«ጡሩምባው ያለ አንተ ቁልፍ ይነፋል?»

«አይነፋም፣ እትዬ።»

«ሬሳ አየህ?»

«አላየሁም። ፓርቲው ነው... ወረቀቱን እነርሱ ናቸው የጻፉት።»

«ቁልፉን እነርሱ አዞሩት?»

በዚህ ጊዜ አስቻለው የመጨረሻ መከላከያውን አወጣ። «እኔ ውሸት አልተናገርሁም!» አለ። «የተባለው እውነት መሆኑን ራሱ አደም እኮ አመነ፤ ሰማችሁት! ሞቷል ያልሁት የት ላይ ነው? ስሙን ብቻ ነው ያስጠራሁት!»

«ጡሩምባ ስም የሚጠራው ለምንድን ነው?» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ሠላሳ ዓመት ነፍተህ ይህን ከእኛ ልትጠይቅ ነው?»

ይህ ሲሆን ቀትር ደረሰ፤ የቀዩ ምልክት ቍጥር ታወቀ። ከአራት መቶ ዐሥራ ሁለት በሮች የተነካው አንድ ነው፤ እርሱም የቤት ቍጥር ሠላሳ አራት፣ የአስቻለው በር ነበር። ስለ ድንጋይ በር ሕዝብ ብዙ መልካም ነገር ተጽፏል። እውነቱ ግን ቢነገር ይሻላል፤ ከለቀስተኞቹ መካከል በቤታቸው ተቀምጠው መልእክቱን ብቻቸውን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ቀዩን ሊነኩ የሚችሉ ብዙ ነበሩ። ያዳናቸው ደግነት ሳይሆን ልማድ ነው። ልማድ አንዳንድ ጊዜ ደግነት ጫማውን ሳያደርግ ቀድሞት ይደርሳል።

የእድሩ ደንብ ዘጠነኛ አንቀጽ በሕያው ሰው ላይ ጡሩምባ ያስነፋ ራሱ ይሰረዛል ይላል። ከቅጣቱ ሊድን የሚችለው የኀዘኑ ባለቤት ይቅር ካለው ብቻ ነው። እትዬ የሺመቤት አንቀጹን አነበቡ። በመጀመሪያ ይትባረክን ጠየቁት።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ ይትባረክ። «ሞቴን እኔ አላየሁትም። ያየውን ጠይቁት።»

ደንቡ የኀዘኑ ባለቤት የሚለው ሚስትን፣ ባልን፣ ልጅንና ወላጅን ነው። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ዳኛዋን አየ። እትዬ የሺመቤትም ምንም ሳያብራሩ ወደ አደም ዞሩ።

«የኀዘኑ ባለቤት» አሉት፣ «ምን ትላለህ?»

አደም ወገቡ ላይ የታሰረውን ነጠላ ሊፈታ ሞከረ፤ ቋጠሮው እምቢ አለው። ወደ አስቻለው ዞረ።

«ባልዋሽ ይሻላል» አለ። «ያን ሰዓት አሁንም እሰማዋለሁ። አልችልም፣ እትዬ። ወደ ፊት እችል እንደ ሆነ አላውቅም፤ ዛሬ አልችልም።»

«እርሱ ካልቻለ እድሩም አይችልም» አሉ ዳኛዋ። «ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ።

በከተማው በሌሎቹ ሠፈሮችም የየእድሩ ጡሩምባ እንዲሁ ነፍቶ ነበርና በዚያው ጧት ሰባ ሁለት ድንኳኖች በሕያዋን ደጅ ተተክለው ነበር። ለቀስተኞቹ ከየድንኳኑ ተነሥተው ከሰዓት በኋላ ንፍሮአቸውን እንደ ያዙ ወደ ፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ በሩ የራሱን ማስታወቂያ ጨርሶ እስኪከፈት ድረስም ጠበቁ። ፓርቲው በማግስቱ ባወጣው መግለጫ መልእክቱ በተላለፈበት ሰዓት ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ ጠየቀ። ስለ መልእክቱ ያለው ነገር የለም። በምርጫው ቀን በምክር ቤቱ ከነበሩት ዐሥራ አራት ወንበሮቹ አንድም አልቀረለትም።

አስቻለው ወንድይራድ በዚያ ዕለት ከቀኑ በስምንት ሰዓት ከእድሩ ተሰረዘ። የበሩ ጡሩምባ ተነቀለ። የሐኪም ተራው ለሌላ ተሰጠ፤ የውሃ መሥመሩም ተቈረጠና ከወንዝ ይቀዳ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት፣ በየካቲት ወር ሞተ። ማዘጋጃ ቤቱ ቀበረው። ጡሩምባ ስላልተነፋ ማንም አልመጣም።